ለሁለት የተከፈለው ማሲ

ከአሰላ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ በሚገባ ኮረኮንች መንገድ ላይ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ትራክተር ለሁለት ተከፍሎ ቆሟል። ሞተሩ፣ ራዲያተሩና ሁለቱ ትንንሽ የፊት ጎማዎች በአንድ ወገን፣ ካምቢዮው፣ መቀመጫውና ሁለቱ ትልልቅ የኋላ ጎማዎች በሌላ ወገን ናቸው። በመካከላቸው ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ስላለ ዶሮዎቹ መንገድ አድርገውታል።

መካኒኩ አንድም ቡሎን ሳይፈታ መጀመሪያ ያነሣው መጥረቢያ ነበር። ከወይራ ፍልጥ ሁለት ሽብልቅ ጠረበና በፊት አክስሉና በተሸካሚው ብረት መካከል፣ በግራና በቀኝ፣ በመዶሻ እየመታ ወተፋቸው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ቀና ሳይል አስረዳኝ። የዚህ ትራክተር የፊት አክስል የተያዘው መሐሉ ላይ ባለ አንድ ወፍራም ፒን ነው፤ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሌላው ጉብታ ሲያጋጥመው እንደ ልብ እንዲያጋድል ታስቦ። ትራክተሩ ሙሉ ሳለ የኋላ ጎማዎቹ ቀጥ አድርገው ይይዙታል። ሲከፈል ግን ያ ሁሉ የሞተር ክብደት በዚያች ፒን ላይ ብቻ ይቀራል፤ ሽብልቅ ካልገባ ወደ ጎን ዘፍ ይላል። "ከሥሩ ሰው ካለ አለቀለት" አለና ሽብልቁን አንዴ ደገመው።

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው በፍሪሲዮን ነው። የጭነት መኪና ሻንሲ አለው፤ ሞተሩም ካምቢዮውም እሱ ላይ ስለሚቀመጡ አንዱን አውርዶ ሌላውን ባለበት መተው ይቻላል። ይህ ዓይነቱ ትራክተር ሻንሲ የለውም። ሞተሩ፣ የካምቢዮው ቤትና የኋላ አክስሉ ቤት እርስ በርሳቸው በቡሎን ተያይዘው ራሳቸው ሻንሲ ሆነዋል። ስለዚህ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የተሸሸገውን የፍሪሲዮን ሸራ ለመቀየር ትራክተሩን ከመሐሉ መክፈል ግድ ነው።

ፔዳሉ ደግሞ ባለ ሁለት ደረጃ ነው። እስከ ግማሽ ሲረገጥ ጎማው መዞሩን ያቆማል፤ እስከ ታች ሲረገጥ ከኋላ ያለው የኃይል ማውጫ ዘንግና የሃይድሮሊኩ ፓምፕም ይቆማሉ። ነጂው ትራክተሩን አቁሞ ከኋላ የተቀጠለውን ማሽን ማዞር ሲፈልግ ይህች የግማሽ መንገድ ቦታ ትጠቅመዋለች። እዚህ ግቢ የተገኙት ሸራዎች ግን ሁለቱም አልቀው ሪቬታቸው አግጥጦ ነበር። ፔዳሉ ቢረገጥም ባይረገጥም ለውጥ አልነበረውም ይላሉ ባለቤቱ።

ባለቤቱ በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ "ጋሼ" ይላቸዋል። ትራክተሩን የገዙት አንድ የከሰመ ማኅበር ንብረቱን በጨረታ ሲያወጣ፣ እሳቸው እንደሚሉት "በብረት ዋጋ" ነው። ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው፤ እንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ ከተማ ባነር ሌን በሚባለው ፋብሪካ ከእ.ኤ.አ. 1964 መጨረሻ እስከ 1975 ሲሠራ የነበረ ሞዴል። ሞተሩ ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ናፍጣ፣ 2.5 ሊትር፣ 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ። እዚህ ግቢ ሲደርስ ግን ጉልበቱ ዜሮ ነበር። የጭስ ማውጫው ክዳን ጠፍቶ ስንት ክረምት ዝናብ በዚያ ሲገባ ኖሮ ፒስተኖቹ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቀዋል። ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅለው በኖዝሎቹ ቀዳዳ አፈሰሱበት፤ ሰነበተ። ጠዋት ጠዋት የባለቤቱ የወንድም ልጅ የበራሪውን ጥርስ በብረት እየያዘ ወደፊትም ወደኋላም ይወዘውዘዋል። አንድ ቀን እንደ መንቀሳቀስ አለ። ባለቤትየው ያንን እያስታወሱ ይስቃሉ፤ ሚስታቸው እትዬ ግን አይስቁም፤ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ለአንድ ክረምት ሙሉ የተቀመጠው እሳቸው ዕቃ ቤት፣ በጤፍ ጆንያዎቹ መሐል ነውና።

ቀይ ትራክተር አርሲ ላይ ታሪክ አለው፤ ታሪኩ ሁሉም ደስ የሚያሰኝ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. መግቢያ (እ.ኤ.አ. 1967) በስዊድን መንግሥት ርዳታ አሰላ ላይ የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ሥራ ጀመረ። ዓላማው ትንሹን ገበሬ መርዳት ነበር፦ ምርጥ የስንዴ ዘር፣ በብድር የሚሰጥ ማዳበሪያ፣ የተሻሻለ ላም። ስንዴው ተሳካ። መሳካቱ ግን መዘዝ ይዞ መጣ። እስከዚያ ድረስ የመሬቱ ጌታ ከጭሰኛው ሲሶ ወይም እኩል እየተቀበለ ይኖር ነበር፤ ስንዴ ትርፍ የሚያስገኝ መሆኑን ሲያይ ራሱ ማረስ አማረው። መንግሥት በበኩሉ ለሰፋፊ እርሻዎች የሚገቡ ማሽኖችንና ነዳጁን ከቀረጥ ነፃ ያደርግ ነበርና ትራክተር መግዛት ጭሰኛ ከማቆየት ረከሰ። በኢተያ በኩል ባለው የስንዴ አገር ስንቱ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። ለጭሰኛው ታስቦ የተጀመረ ሥራ ጭሰኛውን ነቀለው ማለት ነው። በእኔ ግምት የዚህን ማሽን ውበት የሚያወራ ሰው ይህን ዘሎ ማለፍ አይገባውም።

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ ሰፋፊዎቹ እርሻዎች ከነንብረታቸው ወደ መንግሥትና ወደ ማኅበራት ዞሩ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዙ ማሲ እያረጀ የሶቪየቱ ቤላሩስ እየበዛ ሄደ፤ ናዝሬት (የዛሬዋ አዳማ) ላይም የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተተከለ። ጋሼ ወጣትነታቸውን ያሳለፉት ቤላሩስ ላይ ነው። ያስተማራቸው ነጂ ግን በማሲ ስለነበር ያስጀመራቸው፣ እስከ ዛሬ ስለ ቤላሩስ ሲያወሩ "ጉልበታም ነበር" ብለው ያልፋሉ፤ ስለ ማሲ ሲሆን ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ተፈቶ ሸራ ላይ ተዘርግቶ ሳለ አንዲት የዕድሜ ባለጸጋ ጎረቤት በአጥሩ በኩል ቆም አሉ። ሁሉም ሰው እያየ "በርቱ" እያለ ያልፋል፤ እሳቸው አላሉም። "ይሄ ደግሞ ይነሣል?" ብለው ጠየቁ። "ይነሣል እማማ" አለ መካኒኩ። "የእኛን ቤት ያፈረሰውም ቀይ ነበር" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጋሼ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ፒስተን ሲጠርጉ ቆዩ፤ ከዚያ "እውነታቸውን ነው" አሉ።

ማሽኑ በሰው ግቢ፣ ያለ ክሬን፣ በአንድ ክሪክና በጥቂት ግንድ የሚፈታ ለምን ሆነ? መልሱ ያለው ስሙ ውስጥ ካለው ከሁለተኛው ሰው ከሃሪ ፈርጉሰን ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 በሰሜን አየርላንድ፣ ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደ ሜካኒክ ነበር፤ በ1909 መጨረሻ ራሱ በሠራው አውሮፕላን በአየርላንድ ምድር የመጀመሪያው በራሪ ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአየርላንድ እርሻ ቦርድ የትራክተሮችን አሠራር እንዲያሻሽል ሲጠይቀው አንድ ነገር አስተዋለ። የዚያን ጊዜ ትራክተር ማረሻውን የሚጎትተው በሰንሰለት ወይም በመንጠቆ ነበር። ማረሻው ጉቶ ሲይዘው የኋላ ጎማው መዞር ስለማይችል፣ የሞተሩ ኃይል የትራክተሩን አፍንጫ ወደ ላይ ያነሣና ነጂው ላይ ይገለብጠዋል። በዚህ ብዙ ሰው ሞቷል። መፍትሔ ይሆናል ተብሎ የሚሠራውም ትራክተሩን ማክበድ ነበር፤ ከባድ ብረት ደግሞ አፈሩን ይደፈጥጣል።

ፈርጉሰን ማረሻውን በሦስት ክንዶች ከትራክተሩ ጋር አንድ አካል አደረገው። ሁለቱ የታች ክንዶች ይጎትታሉ። ሦስተኛው፣ የላዩ፣ የሚገፋ ነው፤ ማረሻው አፈር ሲይዝ በዚህ ክንድ በኩል ወደፊት የሚመጣው ግፊት አፍንጫውን ወደ መሬት ይጫነዋል። ጉቶ ቢያጋጥም ጎማው ባለበት ይሽከረከራል እንጂ ትራክተሩ አይገለበጥም።

የብልሃቱ ልብ ግን የላይኛው ክንድ የሚገፋው ስፕሪንግ ነው። ጋሼ ይህን በቃል አላስረዱኝም። የኋላውን ክዳን ከፍተው፣ እጄን ይዘው፣ ያንን ወፍራም ስፕሪንግ አስነኩኝ። ማረሻው ጠለቅ ብሎ ሲገባ አፈሩ ይከብዳል፤ ክንዱ ስፕሪንጉን ይጨምቃል፤ ስፕሪንጉ በዘንግ አድርጎ የፓምፑን ቫልቭ ያንቀሳቅሳል፤ ዘይት ይገባና ማረሻው በመጠኑ ከፍ ይላል። አፈሩ ሲላላ ስፕሪንጉም ይላላል፤ ማረሻው መልሶ ይጠልቃል። ገበሬ ከበሬዎቹ ኋላ ሆኖ እርፉን ጫን ለቀቅ እያደረገ በክንዱ የሚሠራውን ሥራ ይህ ስፕሪንግ ማንም ሳያዘው ይሠራዋል። ባለ አራት ፒስተኑ ፓምፕ ኋላ አክስሉ ቤት ውስጥ፣ ዘይት ውስጥ እንደተነከረ ይኖራል፤ ቫልቩም ዘይት በሚስብበት ወገን ስለሆነ ፓምፑ ያለ ሥራ ሲዞር አይጨነቅም። ያረጀ ማሲ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው፦ ክንዶቹን አንሥቶ ሞተሩን ማጥፋት፤ ቶሎ ከወረዱ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። የጋሼ ይወርዳሉ። ይህን ጉዳይ ወደ ኋላ አስተላልፈውታል።

ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1938 ከሄንሪ ፎርድ ጋር እጅ በመጨባበጥ ብቻ ተስማምቶ ትራክተሩን አሜሪካ ላይ አሠራ። ውሉ ወረቀት ስላልነበረው የፎርድ የልጅ ልጅ ሲያፈርሰው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ፎርድ 9.25 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ታረቁ። በዚያ መሐል ፈርጉሰን ኮቨንትሪ ላይ ግራጫውን ትራክተር ማምረት ጀምሮ ነበር፤ ከ1946 እስከ 1956 ከ500 ሺህ በላይ ወጣ። ከግራጫው ጋር አብሮ የሚሰጥ አንድ መፍቻ ነበር፦ አብዛኛውን ዳዶ ይፈታል፣ ጎኑ ላይ ኢንች ስለተቀረጸበት የማረሻ መለኪያ ይሆናል፣ ታንከሩ ውስጥ ሲነከር ደግሞ የነዳጅ መለኪያ ነው። ገዢው ራሱ እንዲፈታው ታስቦ የተሠራ ዕቃ እንደሆነ ለመረዳት ከዚያ መፍቻ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1953 የፈርጉሰን ድርጅት ከካናዳው ማሲ ሃሪስ ጋር ተቀላቀለ፤ 135ም የዚያ ቤት ልጅ ነው።

ያ መፍቻ እዚህ ግቢ ቢኖር ጥሩ ነበር። የማሲ ዳዶዎች በኢንች የተሠሩ ናቸው፤ በየጋራዡ ያለው የመፍቻ ስብስብ በሚሊሜትር። አንዳንዱ ይስማማል፤ ሦስት አራተኛ ኢንች ላይ 19 ቁልፍ ልክ ይገባል። ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ግን 14.3 ሚሊሜትር ስለሆነ 14 አይገባም፣ 15 ይላላል። ስንት መካኒክ በ15 ሲታገለው እንደኖረ ዳዶዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ማዕዘናቸው ተበልቶ ክብ ሊሆኑ ትንሽ ቀርቷቸዋል። መካኒኩ እያንዳንዱን በፋይል ሞርዶ፣ የማይሆነውን በመሮ መትቶ አወጣ። ከሥራው ሁሉ የበለጠ ጊዜ የፈጀው ይኸው ነው ቢሉኝ አምናለሁ።

መለዋወጫ የት ይገኛል? መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። ከ50 ዓመት በላይ ላለፈው ማሽን አዲስ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ፋሻ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፊልትሮ በካርቶን ታሽጎ መገኘቱ እንግዳ ነገር ይመስላል። ምክንያቱ ኮቨንትሪ አይደለም፤ ባነር ሌን እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ትራክተር ማምረቱን አቁሟል። ዘሩ ግን ሌላ ቦታ ቀጥሏል። ሕንድ ውስጥ ቼናይ ላይ ከእ.ኤ.አ. 1960 ጀምሮ፣ ፓኪስታን ውስጥ ላሆር ላይ ከ1964 ጀምሮ የተቋቋሙ ፋብሪካዎች የዚህኑ ቤተሰብ ትራክተሮች ሲያመርቱ ኖረዋል። አንድ ዓይነት ክፍል አሥርት ዓመታት ሙሉ ሲመረት የገጠሩ ሰው ይጠቀማል። በየሁለት ዓመቱ አዲስ ሞዴል የሚያወጣ ድርጅት ይህን ውለታ አይውልልንም።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ማመን ግን አይቻልም። መጀመሪያ የመጡት የክራንክሻፍት ብሮንዚናዎች በመልካም ካርቶን ተጠቅልለው፣ ልካቸው ግን የአዲስ ሞተር ነበር። የዚህ ሞተር ክራንክሻፍት ከዚህ በፊት 0.020 ኢንች ተሞርዷል፤ ከእኛ በፊት የነበረ ሰው ሠርቶታል፤ ለማንም አልነገረም። መካኒኩ ማይክሮሜትሩን ሳይዝ ብሮንዚና የሚገጥም ሰው ስላልሆነ ተያዘ። ነጋዴው "ልክ ነው፣ ግጠሙት፣ ራሱ ይሠራል" ብሎ ነበር። ተገጥሞ ቢሆን ዘይቱ በክፍተቱ ያመልጥና ግፊቱ ይወርዳል፤ ሞተሩም ብዙ ሳይቆይ ማንኳኳት ይጀምራል።

ከዚያ ፓምፑ አለ። የናፍጣ ፓምፑ ከውስጥ የሚለሰልሰው በናፍጣው ብቻ ነው፤ ሌላ ዘይት የለውም። ናፍጣ በጀሪካን ተገዝቶ፣ በጀሪካን ሰንብቶ፣ በጀሪካን በሚቀዳበት አገር ውኃ መግባቱ አይቀርም፤ ውኃ የገባበት ፓምፕ ደግሞ በሰነበተ ቁጥር ይዝጋል። ይህኛው አዳማ ተልኮ ተፈትሾ መጣ። ሲላክ መካኒኩ የሰጠው ትእዛዝ ግን ገረመኝ፦ ናፍጣውን ቀንሱልኝ። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ያንሳል። ለኮቨንትሪ የተለካ ናፍጣ እዚህ ቢጨመርለት የሚያቃጥልበት አየር ስለሌለው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ የተረፈው ጥላሸት የፒስተኖቹ ፋሻ ላይ ይቀራል። ስለዚህ 45 የሚባለው የፈረስ ጉልበት እዚህ ደጋ ላይ 36 ቢሆን ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ቅር አላቸው። "እኛ ስንነዳው እኮ..." ብለው ጀመሩና ተዉት።

ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙት ጠዋት፣ ጤዛው ሳይደርቅ ነው። የፊቱን በክሪክ ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ከኋላ ሦስት ሰው እየገፋ፣ የካምቢዮው ዘንግ የሸራውን ጥርስ እስኪያገኝ ድረስ። ገባ ሲባል አይገባም፤ መካኒኩ በራሪውን በትንሹ ያዞርና "ግፉ" ይላል፤ ደግሞ አይገባም። በመጨረሻ ያለ ኃይል፣ በራሱ ፈቃድ ሸርተት ብሎ ገባ። ቡሎኖቹ ሁሉ ከተጠበቁ በኋላ ሽብልቆቹ ወጡ፤ እትዬም ለምድጃ ወሰዷቸው።

የማስነሣቱ ሥራ የትዕግሥት ሥራ ነው። ናፍጣ ሞተር በመስመሩ ውስጥ አየር ካለ አይነሣም። የወንድም ልጅየው የናፍጣ ማንሻውን ትንሽ እጀታ በጣቱ እየነካ ይስባል፤ መካኒኩ ፊልትሮው ላይ ያለውን ቡሎን ላላ አድርጎ አረፋው እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ያጠብቃል። ቀጥሎ ፓምፑ ላይ ያሉት ሁለቱ፤ ያው አረፋ፣ ያው መጠበቅ። በመጨረሻ ኖዝሎቹ ዘንድ ያሉት ሦስት ቱቦዎች ላልተው ሞተሪኖው ሲዞር ናፍጣ በየተራ ፊጭ፣ ፊጭ፣ ፊጭ አለ። ተጠበቁ። እንደገና ሲዞር አንዱ ሲሊንደር ብቻ ተቀጣጠለና ትራክተሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለተኛው ተከተለ፤ ነጭ ጭስ ግቢውን ሸፈነው። ሦስቱም ሲይዙ ድምፁ ተስተካከለ። ሰው ሁሉ ጭሱን ሲያይ መካኒኩ ዓይኑን ከዘይት ግፊቱ መለኪያ ላይ አላነሣም፤ መርፌዋ ወጥታ እስክትቆም ድረስ እጁ ማጥፊያው ላይ ነበር።

አሁን ቤት ውስጥ ክርክር ያለው ስለ ቀለም ነው። አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለ ትራክተር የሚያድሱ ሰዎች ከፋብሪካ የወጣበትን ቀን ለመመለስ ነው የሚደክሙት፦ ኮፈኑና ፓራፋንጎው ቀይ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ግራጫ፣ የጎማው ብረት ብርማ፣ ተለጣፊው እንኳ በሚሊሜትር ተለክቶ። ከዚያ በዓመት አንድ ሁለቴ ለትርዒት ያወጡታል። የወንድም ልጅየው ይህን ስልኩ ላይ አይቷል፤ ቀዩን ቀለም ከነስቱኮው ሊገዛ ዋጋ ጠይቋል። ጋሼ "ከመኸሩ በፊት አንድ ብር ለቀለም አላወጣም" ብለዋል። እኔ ከሳቸው ጋር ነኝ፤ የተላላጠው ቀለም ሥር ሌላ ቀይ፣ ከሥሩም ሰማያዊ ይታያል፤ በየዘመኑ የነበሩት ባለቤቶች የቀቡት ነው። እሱን ጠርጎ ፋብሪካ የወጣ ማስመሰል የአርሲውን ዕድሜ መፋቅ ይመስለኛል።

ደግሞስ ከባለ 100 ፈረስ ጉልበት ትራክተሮች ጋር ማን ያወዳድረዋል? ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ጎትቶ የክረምቱን ጥቁር አፈር በኪራይ ማረስ የሱ ሥራ አይደለም፤ ሊሞክሩትም አይገባም። መውቂያ ማዞር፣ ውኃና ገለባ በተሳቢ መጎተት፣ የታረሰ መከስከስ ግን ይችላል፤ ለዚህ የሚጠጣውም ናፍጣ ትንሽ ነው። ሥራውም ሳይፈለግ መጥቷል። ሞተሩ በተነሣ ማግስት አንድ ጎረቤት ገብስ ሊያስወቃ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር።

"ጋሼ፣ ለዘመድ እንግዲህ ዋጋው እንዴት ነው?"

"ለዘመድ አናስከፍልም" አሉ ጋሼ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። "ናፍጣው ግን ዘመድ የለውም፤ ይዘህ ና። ከጀሪካን ከሆነም አጥልለህ።"